ከውጭ የተቆለፈ በር

እናቴን ከእስር ያወጣኋት እኔ ነኝ ብዬ እያመንኩ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ባይወራም ደረት ያስነፋል። የሰፈር ልጆች በአባቶቻቸው ጉልበት ሲፎካከሩ እኔ ዝም ብዬ አዳምጥና በልቤ፣ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ እኔ በሰባት ዓመቴ የብረት በር ያስከፈትኩ ነኝ» እል ነበር። ለማንም ያልተናገርኩት ትሑት ስለሆንኩ አይደለም። ያዳንኳት እናቴ ራሷ አንድም ቀን «ተባረኪ» ስላላለችኝ ግራ ገብቶኝ ነው።

እናቴ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ ገጣሚ ነበረች። እጅጌ ብቻ። ኮሌታ የሚሰፋ ሌላ፣ ኪስ የሚለጥፍ ሌላ፣ አዝራር የሚተክል ሌላ። ሴቶቹ በአንድ መስመር ይቀመጡና ሸሚዙ ከአንዷ ወደ ቀጣይዋ እየተላለፈ ይሄዳል። ከመሃል አንዷ ከተነሳች ሥራው እሷ ፊት ይከመራል፤ ከእሷ በኋላ ያሉት ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ማንም አይነሳም። ሽንት ቤት እንኳን የሚኬደው በፊሽካ ነበር።

ፊሽካውን የምትነፋው የመስመሩ አለቃ ናት። አንገቷ ላይ በጥቁር ገመድ ታንጠለጥለዋለች። ሴቶቹ ፊት ለፊት «አለቃ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «ፊሽካ» ነው ስሟ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሳቅ የማይጎበኛት ሴትዮ ነበረች። እናቴ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ስለ እሷ ስታወራ ሳይቀር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። እኔም ፊሽካን ሳላያት ነው የፈራኋት።

ወንድሜ የተወለደው በዚያ ዓመት ነው። እናቴ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ስትመለስ ወንድሜ ጡጦ አልይዝም አለ። የጡጦውን ጫፍ በምላሱ ገፍቶ ያወጣና ኡኡታውን ያቀልጠዋል። የምትይዘው አክስቴ ነበረች፤ የአባቴ እህት ናት፣ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤታችን የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። አክስቴ ወንድሜን «ጌቶች» ነው የምትለው። «ጌቶች ዛሬም ተቆጥተዋል፤ የፕላስቲክ ነገር አይስማማቸውም» ትላለች። እኔን ደግሞ «ሬዲዮ» ትለኛለች፤ የሰማሁትን ሁሉ ለጎረቤት ስለማስተላልፍ። ስሙ አልከበደኝም፣ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ወንድሜን ራቁቱን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ይሄ ልጅ ካለፈው ወር ቀንሷል» አለች። «በዚህ ከቀጠለ ያስፈራኛል። ጡት ነው የሚያስፈልገው።»

«ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ እኮ» አለች እናቴ።

«ሕጉ ይፈቅድልሻል። ጠይቂያቸው።»

እናቴ ጠየቀች። መልሱን ይዛ የመጣችው በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወንድሜን ከአክስቴ እጅ ነጠቀችው ማለት ይቻላል። እሱም እንደ ተራበ ሰው እየተንጫጫ ጡቷን ያዘ።

«ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል» አለች እናቴ። «የምታጠባ ሠራተኛ በቀን ሁለት ጊዜ ይላል፤ ማኅተም ሁሉ አለው። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። ‹ሕግ ነው፣ እናከብረዋለን› አለኝ።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!» አለች አክስቴ።

«ስሚኝ እስቲ። ማጥቢያ ክፍሉ ገና እየተጠና ነው። ክፍሉ እስኪዘጋጅ ሕፃን ግቢ አይገባም፤ እኔም በሥራ ሰዓት አልወጣም። ‹ሰዓቱ ይጠራቀምልሽና ወር መጨረሻ ላይ ትወስጂዋለሽ› አለኝ።»

አክስቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ። «ጡት ወር መጨረሻ ይጠብቃል? ጌቶችስ እስከዚያ ምን ይብሉ፣ ማኅተሙን? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው!»

እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ ወደ ላይ አየሁ። ደመና እንኳን አልነበረም።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከሥራ ስትመጣ ጋውኗ ከፊት ለፊት በሁለት በኩል ርሶ፣ ደርቆ፣ ክብ ክብ ምልክት ይዞ ነበር። እኔ እንባ መሰለኝ። ሰው ምን ያህል ቢያለቅስ ነው እዚያ ድረስ የሚወርደው እያልኩ አስብ ነበር። ወተት መሆኑን፣ ሰዓቱን ጠብቆ የመጣ ወተት የሚጠጣው አጥቶ ልብስ ላይ እንደሚፈስ ያወቅኩት ብዙ ዘግይቼ ነው። ያኔ የማውቀው እናቴን ሥራ ቦታ የሚያስለቅሳት ሰው እንዳለ ብቻ ነበር። ማን እንደሆነ ለመገመት ደግሞ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም።

ከሳምንት በኋላ አክስቴ ወንድሜን አዝላ እኔን በእጇ ይዛ ከቤት ወጣች። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ብቻዬን ቤት ልትተወኝ አልቻለችም። መንገድ ላይ ቆም አለችና አገጬን ያዘችኝ።

«አንቺ ሬዲዮ፤ ዛሬ የምታዪውን ሁሉ አላየሽም።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

«ለምን?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። በቃ።»

ወደ ፋብሪካው የኋላ በር ወሰደችኝ። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግድግዳው ከውስጥ በሚመጣው የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። የካውያ እንፋሎትና የዘይት ሽታ ይወጣል። በሩ አጠገብ የጨርቅ ቁርጥራጭ ተከምሯል፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ባለ መስመር። አክስቴ በሩን በጣቷ ሦስት ጊዜ መታች። ተከፈተ። ፊሽካ ነበረች።

እንዳየኋት አክስቴ ቀሚስ ኋላ ገባሁ። ሴትዮዋ አላየችኝም፣ ወይም አይታኝ ናቀችኝ። ወንድሜን ተቀበለችና የቁርጥራጭ ጋሪ ውስጥ አስተኛችው። ከላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አደረገችበት፤ ጋሪውን ገፍታ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። አክስቴ ወደ ተዘጋው በር አጎንብሳ፣ «እግዜር ይስጥልን» አለች።

ወንድሜን ቆሻሻ ጋሪ ውስጥ ከተውት ጭራሽ ይመሰገናሉ?

«የት ወሰደችው?»

«የትም።»

ግድግዳውን ተደግፈን ጠበቅን። አክስቴ ከንፈሯን እየነከሰች መንገዱን በሁለቱም በኩል ታያለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ በሩ ተከፈተና ጋሪው ተመልሶ መጣ። ወንድሜ ጭጭ ብሎ ተኝቷል፤ ቅንድቡ ላይ ሰማያዊ ክር ተለጥፎበታል። እንደዚያ ፀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ምን አድርገውት ነው ብዬ ደረቱን በጣቴ ነካሁት፤ አክስቴ እጄን መታችኝ።

አሁን የምታነቡት ሰዎች ነገሩ ገብቷችኋል፤ እኔን «እንዴት አይገባሽም» ትሉኝ ይሆናል። አልገባኝም። ቤታችን ውስጥ ጡት ማጥባት የሚደበቅ ነገር አልነበረም። እናቴ ወንድሜን ታቅፋ እያጠባች ከጎረቤት ጋር ታወራለች፣ ትስቃለች፣ እኔን ትቆጣለች። ሰው ልጁን ለማጥባት በኋላ በር፣ በጋሪ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይገባል ብሎ የነገረኝ የለም። ለሬዲዮ ደግሞ ምስጢር አይነገርም።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ በሩ ሳይጠረቀም ገርበብ ብሎ ቀረ። አክስቴ ጫማዋ ውስጥ የገባ ጠጠር ልታወጣ ስታጎነብስ እኔ ሾልኬ ገባሁ። ጨለም ያለ መተላለፊያ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ የብረት በር አለ፤ የክርና የጣቃ ማከማቻ ነው። ፊሽካ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ከውጭ አንጠልጥላ ቀጭ አደረገችው፤ መክፈቻውን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከታ ወደ መኪኖቹ ሄደች። ባዶው ጋሪ በሩ ላይ ቆሟል። ተጠግቼ ጆሮዬን ብረቱ ላይ አደረግኩ። ይሞቃል። ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«እባክህ… እባክህ ቶሎ በል የኔ ጌታ… ሰዓቱ አለቀብን።»

እናቴ እየለመነች ነበር። የአራት ወር ሕፃን ትለምናለች! የምትለምነው ሌላ ሰው ብታጣ ነው አልኩ። ወደ ኋላዬ ሮጬ ወጣሁ፤ አክስቴ ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ ምንም አላወቀችም።

ያን ዕለት እናቴ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ከአክስቴ ጋር ስታወራ ጆሮዬን ቀስሬ አዳመጥኩ።

«ዛሬ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆለፈችብኝ» አለች እናቴ።

«ሙቀቱስ?»

«ሙቀቱን ተይው። መብራት የለ፣ አየር የለ፣ ጣቃ ላይ ተቀምጬ።»

«ምን ይደረግ እንግዲህ፣ መክፈቻው በእሷ እጅ ነው።»

«ከተነቃ ግን አለቀልን። እኔም፣ እሷም።»

መሃል ገባሁ። «እማዬ፣ ፊሽካ ትቀጣሻለች?»

ሁለቱ ተያዩ። እናቴ እግሯን ከውሃው አውጥታ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ እንደዚያ ያለ ፍርሃት አይቼ አላውቅም። «ስለ እሷ ለማንም እንዳታወሪ። በጭራሽ። ስሟን እንዳታነሺ፣ ሰማሽ?»

ሰማሁ። ስሟ እንኳን የማይነሳ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ትምህርት ቤታችን የረበሸ ልጅ ባዶ ክፍል ውስጥ ይቆለፍበት ነበር፤ እኔም አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። እናቴ ምን አጥፍታ ይሆን እያልኩ ነጋ።

የምታምኑት ከሆነ፣ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ የማልፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ። ጠዋት ጠዋት በዋናው በር ላይ ቆሞ ሠራተኛውን ሁሉ ሰላም ይላል። ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ፣ የሳሙና ሽታ፣ ለስላሳ ድምፅ። እናቴን ሸኝተን ስናልፍ ፀጉሬን ይዳብሰኝና ከኪሱ ብስኩት ያወጣል። «ይቺ ጎበዝ ስታድግ እዚሁ እንቀጥራታለን» ይላል። እናቴ ፈገግ ትላለች። ፈገግታዋ ከአንገት በላይ መሆኑን በሰባት ዓመቴ ከየት አውቀዋለሁ? ሲቆጣ የማይጮህ ትልቅ ሰው ለእኔ ደግ ሰው ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት በአንድ ሞቃት ረፋድ ጋሪው ወንድሜን ይዞ ከገባ በኋላ አክስቴ ውሃ ጠማት። «ከዚህች እንዳትነቃነቂ» ብላኝ ወደ ቧንቧው ሄደች። ተነቃነቅኩ። በግቢው አጥር ዙሪያ እሮጥ ጀመር። አንዱ ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወለቀ፤ አልተመለስኩም። ዋናው በር ላይ ዘበኛው፣ «የእጅጌዋ ልጅ፣ ምን ሆነሽ?» ሲለኝ በክንዱ ሥር ሾልኬ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደረስኩ። እዚያው ግቢ ውስጥ ከሰው ጋር ይነጋገር ነበር።

«እማዬን ይቆልፉባታል!» አልኩት። «ፊሽካ ያላት ሴትዮ! ወንድሜንም አብራ! አየር የለም! ትለምናታለች፣ አትከፍትላትም!»

ከከንፈሬ የወጣው እንዲህ ነው፤ አንድም አልቀነስኩም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ግን ያኔ የተሰማኝ ሸክም ያወረድኩ ያህል ነው። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ አለ። አልተቆጣም።

«የት ነው የሚቆለፍባት?»

«ክር ያለበት ክፍል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ጎበዝ። ነይ አሳዪኝ፤ እናስከፍታለን» ብሎ እጄን ያዘኝ።

በመኪኖቹ መሃል ሄድን። ያን አዳራሽ ከውስጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፁ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ በአየሩ ላይ የጨርቅ ብናኝ ይንሳፈፋል። በአንድ እግሬ ጫማ አድርጌ፣ በአንድ እግሬ ባዶዬን፣ ከትልቅ ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዤ ስሄድ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ሴቶቹ ቀና እያሉ ያዩናል፤ ያየችን ሁሉ መኪናዋን ታቆማለች። ድምፁ ከኋላችን እየሞተ መጣ።

በእናቴ ቦታ ላይ ፊሽካ ተቀምጣለች። ፊሽካውን እንዳይጠላለፍባት ወደ ጀርባዋ ወርውራዋለች፤ አጎንብሳ እጅጌ ትገጥማለች። አያችሁ! አልኩ በልቤ፤ እናቴን ቆልፋ ወንበሯን ወሰደችባት። የአለቃ ሥራ መቆም እንጂ መቀመጥ እንዳልሆነ፣ አለቃ መኪና ላይ ከተገኘች እንደምትጠየቅ፣ ያቺ ሴትዮ ግን መስመሩ እንዳይቆም፣ የእናቴም ኮታ እንዳይጎድል ብላ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ የእናቴን እጅጌ እንደምትሰፋላት ማን ይንገረኝ? አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሴቶች የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ዝም ብለዋል። ቁልፉም ከውጭ የሚቆለፈው ለዚሁ ነው። ያ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም፤ ከውጭ ተቆልፎ ያየ ሰው ደግሞ ውስጡ ሰው አለ ብሎ አይጠረጥርም።

በመጨረሻ የቆመው መኪና የእሷ ነው። ቀና ብላ እኔን አየች፣ ቀጥሎ እጄን የያዘውን ሰው።

«መክፈቻውን» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«የምኑን?»

«የመጋዘኑን።»

«ጠፍቷል። እየተፈለገ ነው።»

«ኪሷ ውስጥ ነው!» አልኩ እኔ።

ፊሽካ ተነሳች። ወደ መተላለፊያው ስንሄድ ከፊት ሆና በጣም በዝግታ ነበር የምትራመደው፤ በሩም ጋ ደርሳ መክፈቻውን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ፈጀባት። የፈራች መሰለኝ። አሁን ሳስበው ለወንድሜ ደቂቃ እየሰረቀችለት ነበር። በሩ ሲከፈት ሙቀት ፊታችንን መታን። እናቴ ጣቃ ላይ ተቀምጣለች፣ ላብ ፀጉሯን ግንባሯ ላይ አጣብቆታል፣ ወንድሜ ጡቷን ይዟል። ዓይኗ ብርሃኑን እስኪለምድ ማን እንደሆንን አላወቀችም።

ሮጬ ገባሁ። «እማዬ፣ አወጣሁሽ!» አልኳት።

እናቴ ወንድሜን ከጡቷ አላቀቀችና ጋውኗን መዘጋጋት ጀመረች፤ አዝራሩ እምቢ አላት። ወንድሜ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ በጨዋ ሰው ወግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይቅርታ እህቴ» አለ። «እንዲህ ተቆልፎብሽ እኛ ሳናውቅ!»

«አልተቆለፈብኝም» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ ያስቆለፍኩት። እሳቸው ምንም…»

«ልጅሽ እኮ ነግራኛለች። ልጅ ደግሞ አይዋሽም።»

ፊሽካ ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ጋሪው ውስጥ ጣለችው። ወደ ቢሮ ስትሄድ በአጠገቤ አለፈች፤ ትመታኛለች ብዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ቆም ብላ ወደ ታች አየች።

«እግርሽን!» አለችኝ ቆጣ ብላ። «ወለሉ ላይ መርፌ አለ።»

ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያና የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ለብዙ ዓመት የክፋቷ ማስረጃ አድርጌ ይዤው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት በቢሮው መስታወት በኩል ነው። ፊሽካ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ገብታ ቶሎ ወጣች፤ ዘበኛው እስከ በሩ ሸኛት። ቀጥሎ እናቴ ገባች። እኔን ከቢሮው ውጪ የሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጠው አንድ ፓኮ ብስኩት ሰጡኝ። አክስቴ ወንድሜን ተቀብላ ከግቢ ውጪ ቆማለች፤ ልቅሶው እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። እናቴ ጠረጴዛው ፊት ቆማ ወረቀት ታነባለች። ብዙ አነበበች። እስኪርቢቶ ያዘች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና ያዘች። እጄን አውለበለብኩላት። አላየችኝም። ከዚያ አጎንብሳ ፈረመች።

ቤት ስንሄድ እናቴ እጄን አልያዘችኝም። አክስቴም ሬዲዮ ብላ አልጠራችኝም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጠርታኝም አታውቅ። እኔ የተረፈውን ብስኩት ይዤ ከኋላቸው እየሄድኩ፣ ሰው ሲድን እንደዚህ ነው እንዴ የሚኮነው እያልኩ አሰላስል ነበር።

ነገሩ ደግሞ ጥሩ ሆነ፤ ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ነው የታየኝ። ከሰኞ ጀምሮ እናቴ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዛ በቀን ሁለት ጊዜ በዋናው በር ትወጣና ከበሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ወንድሜን ታጠባለች። ጋሪ የለ፣ ጨለማ የለ። ወንድሜ ጉንጭ አወጣ፤ ነርሷ ሚዛኑን አይታ አጨበጨበች። አለቃ ሆና የመጣችው ሌላ ሴትዮ ደግሞ ፊሽካ የላትም፣ ደወል ተተከለላት። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በፊት እናቴን በየመንገዱ አቅፈው የሚስሙ የመስመሩ ሴቶች ሲያዩን መንገድ ይሻገሩ ጀመር። እናቴም አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። «ለምን ሰላም አይሉንም?» ስላት «ቸኩለው ነው» ትለኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደቸኮሉ ኖሩ።

ባለፈው ዓመት እኔም ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ እኔ ቤት ከረመች፤ ፈቃዴ ሲያልቅም አልሄደችም። ሥራ የምመለስበት ዋዜማ ላይ ልጄን እያጠባሁ ስለ መሥሪያ ቤታችን ማጥቢያ ክፍል እነግራት ነበር። ወንበር አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ወተት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ አለው፣ ማመልከቻ እንኳን አልጻፍኩም እያልኩ። ጨርቅ እያጣጠፈች ሰማችኝና፣

«ከውስጥ ይቆለፋል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«በሩ።»

ከዚያ ጨርቁን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ፤ እስካሁን «አሁን ሳስበው» እያልኩ ያስገባሁት ሁሉ የእሷ ነው። ያኔ የፈረመችው ወረቀት፣ አለቃዋ ሠራተኛዋን ከፈቃዷ ውጪ በየቀኑ ትቆልፍባት ነበር ይላል። ከፈረመች የማጥቢያ ሰዓቷ ከሰኞ ጀምሮ በጽሑፍ ይፈቀድላታል፤ ካልፈረመች ሕፃን በድብቅ ስላስገባች ከአለቃዋ ጋር አብራ ትሰናበታለች። አባቴ መንገድ ላይ ነው፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ወንድሜ ከውጪ ይጮኻል። በሕግ የራሷ የነበረውን ሰዓት በሰው ሸጡላት። ገዛችው።

እውነት ለመናገር ለማን ማዘን እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ ዛሬም በደንብ አላውቅም። «እማዬ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኳት፣ እንደማታውቅ ሁሉ።

«አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ ነበርሽ። ‹ልጇ በአንደበቷ እንደመሰከረችው› ይላል።»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳን አልተቆጣሽኝም?»

«በምን አፌ?» አለች። «አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ። እኔ ያልሆነውን ፈረምኩ። ጡት ነካሽ እኔ ነኝ እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ?»

ልጄ እንቅልፍ እየጣለው ነበር። እናቴ ወደ እሱ እያየች፣ ከፈረመች ከወራት በኋላ ቤቷን አጠያይቃ ፊሽካ ጋ እንደሄደች ነገረችኝ። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የሄደችው፤ የምትለውን መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ሄዳለች። ሴትዮዋ ራሷ ነች በሩን የከፈተችው። ግቢ አላለቻትም፤ ሂጂም አላለቻትም።

«አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ» አለች እናቴ። «‹ያን ቀን ልጁ ጠግቦ ነበር?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አዎ፣ ጠግቦ ነበር አልኳት። ‹እንኳንም› አለችና በሩን መልሳ ዘጋችው።»

«ጠግቦ ነበር?»

እናቴ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«የመጀመሪያውን ጡት ሳይጨርስ ነው በሩን ያስከፈትሽብን» አለችኝ።

በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የወቀሰችኝ ይቺን ብቻ ነው።